ያጣነውን ነው ወይስ ያማረንን?

ዛሬ አንዲት ቃል ልከስ ነው የመጣሁት። ስሟ ፍላጎት ይባላል። አድራሻዋ ብዙ ስለሆነ መጥሪያው የት እንደሚላክላት ግን አላውቅም።

እስቲ የአንድ ቀን ውሎዋን ተከታተሉልኝ። ጠዋት ጤና ጣቢያ ናት፤ ሐኪሙ «የምግብ ፍላጎትዎ እንዴት ነው?» ይላል። ረፋዱ ላይ ሬዲዮ ትገባና ከአቅርቦት ጋር ተቆራኝታ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታወራለች። ከሰዓት «ልዩ» የምትል ቅጽል ለብሳ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሰሌዳ ላይ ተጽፋ ታገኟታላችሁ። ማታ ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ «የሕዝባችንን ፍላጎት መሠረት ባደረገ መልኩ» ትባላለች። ለሐኪሙ አምሮት ናት። ለነጋዴው ገንዘብ ይዞ የመጣ ገዢ ናት። ለመምህሩ ልጁ የሚሻው ድጋፍ ናት። ለባለሥልጣኑ ምን እንደሆነች እሱ ራሱ ይንገረን።

«ታዲያ ምን አለበት? ቃል እንደ አገባቡ ነው» የሚሉኝ አሉ። እኔም ሃያ ዓመት ያህል ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ይህንኑ ስል ኖሬአለሁ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ መጽሐፍ አይደለም፤ ጋይንት ላይ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። ወንጀሉም የራሴ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

የሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ላይ ጋይንትንና ስማዳን የመሳሰሉ የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች ታቀፉበት። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይቶ አንድ ድርጅት (ስሙ ይቆየን) በዚያው አካባቢ «የፍላጎት ዳሰሳ» ሊያደርግ ተነሣና የእንግሊዝኛውን መጠይቅ ወደ አማርኛ እንድመልስለት ሰጠኝ። መለስኩ። «ኒድ» ሲል ፍላጎት አልኩ። «ዋንት» ሲል ፍላጎት አልኩ። «ዲማንድ» ሲልም ፍላጎት። «ኢንተረስት» ላይ ስደርስ ትንሽ አሰብኩና፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ፍላጎት አልኩ። የሚከፍሉት በገጽ ነበር፤ በቃል ዓይነት ቢሆን ኖሮ ዕዳ ይወጣብኝ ነበር።

መጠይቁ ሲሞከር አብሬ እንድሄድ ተጋበዝኩና የቻይና መንገድ በሚባለው፣ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ወልድያ በሚወስደው ጎዳና፣ ንፋስ መውጫ ወጣሁ። ከተማዋ ስሟን አታስዋሽም፤ ነፋሱ ኮፍያ አያስደርግም። ሰኔ ሊገባ ቀናት ቀርተውታል። ከከተማው ወጣ ብለን አንድ ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። መጠይቅ የያዘው ወጣት ትሑት ልጅ ነው፤ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ «አባቴ፣ የቤተሰብዎን ፍላጎቶች በቅደም ተከተል ይንገሩኝ» አላቸው። እኔ የጻፍኩትን ነው ያነበበው።

ሽማግሌው ልጁን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። ጠጉሬ ሸበት ማለት ጀምሮ ስለነበር አለቃው መስያቸው ይሆናል።

«ልጄ፣ ያጣነውን ነው የምትጠይቁን ወይስ ያማረንን?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም አልጠበቁኝ። «ያማረንን ካላችሁማ ሥጋ አምሮናል፤ ከፋሲካ ወዲህ አልቀመስንም» ብለው ሳቁ። የቤቱ ሰውም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ሳቃቸውን ትተው «ያጣነውን ካላችሁ ግን ዘር ነው ያጣነው። ለዘር ያስቀመጥነውን ገብስ ግንቦት ላይ ቆልተን በላነው» አሉ።

ልጁ ጻፈ። ሲጽፍ በትከሻው በኩል አየሁት፦ «የምርጥ ዘር ፍላጎት» ይላል።

አያችሁ? ሰውዬው የተናገሩት ያለፈውን ዓመት ረሃብ ነው፣ የመጪውን ዓመት ረሃብም ነው። ዘሩን የበላ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ወረቀቱ ላይ ግን ምርጥ ዘር የሚፈልጉ ደንበኛ ሆኑ። በሬዲዮ የሚያስነግሩ የዘር ነጋዴዎች የሚወዱት ዓይነት ሰው። ልጁ አልዋሸም፤ ዋሾው እኔ ነኝ፣ ቅጹን ያበጀሁት።

እንግዲህ የእንግሊዝኛውን ቃል እናንሣው፤ «ዋንት» የሚባለውን። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንቱ የሰሜን ሰዎች ቋንቋ ከኖርስ ሲሆን በመሠረቱ ፍቺው ጎደለ፣ አነሰ ነው። ለረጅም ዘመን አንድ እንግሊዛዊ «ዋንት» አለብኝ ሲል አጥቻለሁ ማለቱ ነበር። ምኞት የሚለው ትርጉም አይሎ የወጣው ከ18ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ነው። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ እረኛውን የሚያነሣውን የዳዊት መዝሙር የተረጎመው በዚያው በጥንቱ ስሜት ነው፤ የዛሬ ተማሪ እንግሊዝኛውን ሲያነብ ግን «እረኛዬን አልፈልግም» የሚል ይመስለዋል። የእኛ አባቶች፣ ግእዙም አማርኛውም፣ እዚያ ቦታ ላይ አልተሳሳቱም፤ የማጣትን ግስ ነው ያስቀመጡት።

ፍራንክሊን ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በጥር 1941 ለአሜሪካ ምክር ቤት ስለ አራቱ ነፃነቶች ሲናገር ሦስተኛው ከ«ዋንት» ነፃ መሆን ነበር። ቃሉ በ1948 ወደ ወጣው የሰብአዊ መብቶች ዓለም አቀፍ መግለጫ መቅድምም ገብቷል። በፈተና ላይ አንድ ተማሪዬ ይህንን «ከፍላጎት ነፃ መውጣት» ብሎ ተረጎመልኝ። ኅዳጉ ላይ «ሩዝቬልት ሊመንኩስ ነው እንዴ?» ብዬ ጻፍኩበትና ዜሮ ሰጠሁት። ዛሬ ሳስበው ይቅርታ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር። እኔው ራሴ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያንኑ ስሕተት በገጽ ሸጫለሁና።

ወደ ጋይንት የሚመልሰን ደግሞ አንድ ሌላ እንግሊዛዊ አለ። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 የኛን አገር መስፍን ጀግና አድርጎ «ራስላስ»ን ጻፈ። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ራስላስ በተራሮች በተከበበ የደስታ ሸለቆ ውስጥ የሚኖር፣ ያማረው ሁሉ የሚቀርብለት ልዑል ነው። ችግሩም እሱ ነው፦ ያጣው ነገር ስለሌለ የሚመኘው አጣ። የሦስተኛው ምዕራፍ ርእስ በዚችው በ«ዋንት» ሁለት ፍቺ፣ በማጣትና በመሻት፣ የሚጫወት ነው። ጆንሰን መዝገበ ቃላት የሠራ ሰው ነውና አውቆ ነው። አገሩን ግን አላየውም። ያለማየቱ ጥሩ ሆነለት፤ ጋይንት ቢመጣ ምዕራፉን እንደገና ይጽፈው ነበር።

በጆንሰን ፋንታ የመጣው ቶማስ ፓከናም ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ገና ከኦክስፎርድ እንደወጣ የራስላስን ተራራ፣ ነገሥታቱ ልጆቻቸውን ያስሩበት የነበረውን አምባ፣ ሊፈልግ በበቅሎ ዞረ። በፍለጋው መሐል ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም ደረሰና ከሣር ክዳኑ ክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሸሽጎ የቆመ ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤተ መቅደስ አገኘ። በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ ላይ ጽፎታል። «አገኘ» የምንለው ለሱ ነው እንጂ የቤተ ልሔም ካህናት መቼ ጠፍቶባቸው ያውቃል!

ቤተ ልሔምን ያነሣሁት ግን ለሕንጻው አይደለም። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ነው። ድጓ የተማረ ሰው ወንበር ዘርግቶ ለማስተማር እዚያ ሄዶ ይመሰክራል፤ የዜማው ስልትም በዚሁ በቦታው ስም «ቤተ ልሔም» ይባላል። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከጎጃም ከወሎ ከሸዋ በእግሩ ይመጣ ነበር። በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ውሻ እየተከላከለ። ይህን ልጅ «ምን ፈለግህ?» ብትሉት ትምህርት ይላችኋል። «ምን አጣህ?» ብትሉት እንጀራ ይላችኋል። ሁለቱን አያምታታቸውም። ያጣውን ይለምናል፣ የፈለገውን ይሄድበታል።

ፈለገ የሚለው ግስ ጥንተ ጠባዩ ይኸው መሄዱ ነው። የጠፋ በሬ ይፈለጋል። «የአባቱን ፈለግ ተከተለ» ስንል ዱካ ነው። ፍለጋ እግር አለው፤ ፍላጎት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። የፈላጊ መብዛት ሁልጊዜ በጎ ነው ማለቴም አይደለም። በቀይ ሽብር ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ሌሊት በር ተንኳኩቶ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ሲባል የሰማ ጆሮ፣ ዛሬ በፊልም ትርጉም ወንዱ ሴቷን «እፈልግሻለሁ» ሲላት ሮማንስ አይታየውም፤ ካልሲ ሳታደርግ የምትወሰድ ነው የሚመስለው።

ለመሆኑ አማርኛ በመሻት በኩል ድኻ ሆኖ ነው እንዴ አንዲት ቃል ላይ የተጣበቅነው? ቡና ያምረናል። እንግዳን «ምን አሰኘህ?» እንላለን። ነፍሰ ጡር አምሮት አላት። ሌላው ሲበላ ቆሞ የሚያይ ይቋምጣል፤ የሰው ሀብት ያየ ይጎመጃል፤ የሰው ሚስት ያየ ይከጅላል፤ ልጅ ለበዓል ልብስ ይጓጓል፤ የማይደርስበትን ደግሞ ሁላችንም እንመኛለን። ልብ ብላችሁ ከሆነ አማረኝ፣ አሰኘኝ፣ ናፈቀኝ፣ ራበኝ፣ ጠማኝ ስንል የግሱ ባለቤት እኛ አይደለንም። ነገርዬው ነው መጥቶ የሚይዘን። እንግሊዝኛው «አይ» ብሎ ራሱን ከፊት ያስቀድማል፤ የእኛ ሰው ግን ረሃብ የሚመጣበት እንጂ የሚመርጠው እንዳልሆነ ሰዋስዉ ውስጥ አስቀምጦታል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይኼ ነው። ራሷ ፈለገ እንኳ፣ በግስነቷ፣ አታጭበረብርም። «እፈልጋለሁ» አለ፤ «ያስፈልገኛል» አለ። ማንም የሰፈር ልጅ አይስታቸውም። ልጁ ብስክሌት ይፈልጋል፤ መነጽር ያስፈልገዋል። የመጀመሪያውን እናቱ «አርፈህ ተቀመጥ» ብላ ታልፈዋለች፤ ለሁለተኛው ዕቁቧን ታወጣለች። አሁን ሁለቱን ወደ ስም ለውጡና ቅጽ ላይ ጻፉ፦ «የልጁ ፍላጎቶች፦ ብስክሌት፣ መነጽር»። እናቱ የምታውቀው ልዩነት ጠፋ።

ቢሮ ደግሞ የሚኖረው በስም ነው። ግስ አደገኛ ነው። «አጡ» ካልክ ማን አጣ፣ መቼ አጣ፣ ማን አሳጣው የሚል ይከተላል። «ፍላጎት አለ» ብትል ግን ማንም አይጠየቅም። እንዲያውም ኳሷ ወደ ፈላጊው ትመለሳለች፤ ፍላጎትህን አስተካክል፣ ፍላጎትህን ከአቅምህ ጋር አጣጥም ይባላል። የሚያሳፍረው ሐረግ ደግሞ «የአርሶ አደሩ የምግብ ፍላጎት» ነው። በሐኪም ቤት አማርኛ ይህ ማለት አፒታይት ነው። አንድ ሪፖርት «በወረዳው የምግብ ፍላጎት ከፍተኛ ነው» ሲል የጋይንት ሰው ምን ያህል በላተኛ እንደሆነ ሊነግረን ነው? የሴፍቲኔቱ ሰዎች ራሳቸው «የምግብ ክፍተት» የሚል የተሻለ ቃል ነበራቸው፤ ቢያንስ ከዓመቱ ስንት ወር ባዶ እንደሆነ ይቆጥራል። ገበሬው ደግሞ ከዚያም የተሻለ አለው፤ ችጋር ይላል፣ ጠኔ ይላል።

አንድ የኢኮኖሚክስ ወዳጅ አለኝ። ይህን ክስ ሳነሣበት ይስቃል። «ወዳጄ፣ ዲማንድን ፍላጎት ካላልኩት ምን ልበለው?» ይለኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? መርካቶ ያለ ነጋዴ ግን ያውቃል። «ፍላጎት ቀንሷል» አይልም፤ «ገበያው ቀዝቅዟል፣ ገዢ የለም» ነው የሚለው። ነጋዴው መፈለግና መግዛት የተለያዩ መሆናቸውን ከአዳም ስሚዝ ሳይማር ያውቃል። ስሚዝም እ.ኤ.አ. በ1776 ቢሆን ይህንኑ ነው የጻፈው፤ አንድ ድኻ ስድስት ፈረስ የሚጎትተው ሠረገላ ሊያምረው ይችላል፣ አምሮቱ ግን ገበያው የሚቆጥረው አይደለም ብሎ ለይቶታል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትቼው እሄድ ነበር። ከጋይንት ድንበር ተሻግሮ ያለው ወሎ በ1965 እና 66 ዓ.ም. ያለቀው ግን በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው የድህነትና የረሃብ ጥናቱ የወሎን ነገር ፈትሾታል። ያገኘው የሚዘገንን ነው፤ ሰው እየረገፈ ሳለ ደሴ ላይ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም፤ ጭራሽ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህልም ነበር። ለምን? ገበሬው አዝመራው ከድቶት፣ ከብቱ አልቆ፣ እጁ ላይ የሚሸጠው ስለሌለ ገበያ አልወጣም። በኢኮኖሚስቱ አማርኛ ብንናገር «የወሎ ሕዝብ የእህል ፍላጎት ዝቅተኛ ነበር» ማለት ነው። በሐኪሙ አማርኛ ብንናገር ምን ማለት እንደሚሆን አስቡት። በማናቸውም ሰው አማርኛ ግን እህል አጡ። ወዳጄ እዚህ ስደርስ ሳቁን ያቆማል፤ ትምህርቱን ግን አሁንም በዚያው ቃል ያስተምራል።

ተቃራኒውን ክርክር አልሸሽም፤ እውነት አለበትና። «ማጣት ያዋርዳል» ይባላል። «ጎደሎ፣ አጣ የሚሉ ቃላት ሰውን ይሰብራሉ፤ ፍላጎት ክብር ይጠብቃል» ይላሉ። «ልዩ ፍላጎት» የሚለው የትምህርት ቃልም የመጣው በዚህ ሐሳብ ነው፤ ከእንግሊዝኛው «ስፔሻል ኒድስ»። ከሱ በፊት ለእነዚያ ልጆች የነበሩንን ስሞች እዚህ አልደግማቸውም። ስለዚህ ቃሉን ያመጡትን ሰዎች አመሰግናለሁ። ነገር ግን አንዲት እናት፣ መምህርቷ «ልጅዎ የልዩ ፍላጎት ተማሪ ነው» ስትላት፣ «ኧረ እቴ፣ የኔ ልጅ ልዩ ፍላጎት የለውም! የሰጡትን በልቶ ዝም የሚል ልጅ ነው» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናት ትክክል ናት። አማርኛዋ እንደዚያ ነው የሚላት፤ አስቸጋሪ፣ አማራጭ፣ ሞልቃቃ ነው የተባለባት። «ልዩ ድጋፍ የሚያሻው» ብንል ማን ይሞትብናል? ያሻዋል የምትል ምን የመሰለች ግስ ቁጭ ብላለች። ረዘመች ነው? ለሰሌዳ አትመችም? እንግዲህ ሰሌዳው ሰፋ ተደርጎ ይሠራ።

ማጣት ያዋርዳል ለሚሉት ደግሞ የግእዙን ላስታውሳቸው። «አጣ» የሚለው ግሳችን የመጣው ኀጥአ ከሚለው ግእዝ ነው። ያው ግስ ኃጢአትንም ይወልዳል። ለጥንቶቹ ማጣትና መበደል አንድ ሥር ነበራቸው። አጭር አእምሮ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ «ድኻ በኃጢአቱ ነው የደኸየ» ብሎ ይተረጉመዋል። እኔ በግልባጩ ነው የማነበው፤ አንድ ሰው አጣ በተባለበት ቦታ የበደለ ሰው ካለ ይፈለግ፤ ያውም በእግር።

ከጋይንት እንደተመለስኩ ቅጹን አሻሽዬ አቀረብኩ። «ፍላጎት» የምትለዋን አወጣሁና አራት ጥያቄ አደረግኋት፦ ምን አጣችሁ? ምን ያስፈልጋችኋል? ምን ብታገኙ ደስ ይላችኋል? ዛሬ ገበያ ብትወጡ ምን ለመግዛት አቅም አላችሁ? በሳምንቱ መልስ መጣ። ጥያቄዎቹ ከዋናው ቅጂ ጋር አይናበቡም፣ ገጽ ያበዛሉ፣ «አጣችሁ» የሚለውም አሉታዊ ስሜት ያሳድራል ተባልኩ። መጠይቁ በመጀመሪያው ትርጉሜ ተባዝቶ ወጣ። እኔም አልተከራከርኩም፤ ክፍያዬን ተቀበልኩ።

ያኔ የተሞላውን የሙከራ ቅጽ አንድ ኮፒ አስቀርቼ ነበር፤ ስም የለበትም። ልጁ የሽማግሌውን መልስ የጻፈው በተናገሩበት ተራ ነው፣ ቅጹም «በቅደም ተከተል» ስለሚል ተራው የአንገብጋቢነት ደረጃ ተደርጎ ነው የሚቆጠረው። አንደኛ፦ የእንስሳት ተዋጽኦ ፍላጎት። ሁለተኛ፦ የምርጥ ዘር ፍላጎት።